ከጭቃ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ጭቃ

ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ ነጋሽና ውቅሮ የምንላቸው የትግራይ ቦታዎች የባሕር ወለል ነበሩ። ቀይ ባሕር የለም፤ ዓባይ የለም፤ በየብሱ ላይ አንዲት ዘለላ ሣር እንኳ አልበቀለችም። ዝናቡ ራቁቱን የቀረ መሬት እያጠበ አፈሩን ወደ ባሕር ይነዳዋል። ጠጠሩና አሸዋው ከዳር ይቀራል። ከዱቄት የላመው ጭቃ ግን ርቆ ይሄድና ውሃው ጸጥ ካለበት ጥልቅ ላይ ቀስ እያለ ይሰፍራል። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሽፋን በሽፋን ላይ ተነባበረ። የታችኛው በላይኛው ክብደት ውሃውን እየተፋ ጠበቀ፤ ድንጋይም መምሰል ጀመረ።

በነጋሽ አካባቢ የዚህ ደለል የላይኛው ክፍል ትልልቅ ጠጠሮችን በውስጡ ይዟል። ጠጠር ከላመ ጭቃ ጋር አብሮ አይሰፍርም። ያጠኑት ጂኦሎጂስቶች ምድር በበረዶ በተሸፈነችበት ዘመን የበረዶ ግግር ተሸክሞ ያመጣቸው ናቸው ይላሉ። ትግራይን ፀሐይ የሚያቃጥላት አገር አድርጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው አለ።

ከዚያ የባሕሩ ግራና ቀኝ መቀራረብ ጀመረ። በምሥራቅና በምዕራብ የነበሩት የየብስ ክፍሎች በመካከላቸው ያለውን ሁሉ እያጨማደዱ ተጋጠሙ። ጭቃው ወደ ጥልቅ ወረደ፤ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተጠበሰ፤ ከጎንና ከጎንም ተጨመቀ። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቀጥሎ የሆነውን በቀላሉ ይረዳዋል። ጭድ ከጭቃ ጋር ሲቦካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ያንኑ ጭቃ በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቀው ቢጫኑት ግን ጭዱ ሁሉ ይተኛና ከጣውላው ጋር ይሰለፋል። የሸክላ አፈር ውስጥ ያሉት በዐይን የማይታዩ ቅጠል መሰል ቅንጣቶችም እንዲሁ ሆኑ። ሙቀቱ ሚካ ወደሚባል ማዕድን ለወጣቸው፤ ግፊቱ አሰለፋቸው።

ስለዚህ ይህ ድንጋይ ሲመታ የሚሰነጠቀው ጭቃው በተነጠፈበት መስመር ላይሆን ይችላል፤ የሚሰነጠቀው በተጫነበት መስመር ነው። እኔን ስለዚህ ድንጋይ ካነበብኩት ሁሉ ይህ የበለጠ ያስደንቀኛል። የደረሰበትን ግፊት አቅጣጫ በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ አንድ ሰው በመሮና በመዶሻ ሲነካው በዚያው አቅጣጫ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ጂኦሎጂስቶች የአካባቢውን የድንጋይ ቤተሰብ በተምቤን ስም ይጠሩታል። ድንጋዩን ራሱን በእንግሊዝኛ «ስሌት» ይሉታል። ይህ ቃል በአማርኛ የሒሳብ ሥራ ማለት ስለሆነ እኔ እዚህ ሰሌዳ ድንጋይ እለዋለሁ፤ ምክንያቱን አንባቢ በኋላ ያየዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዛሬ የምንረግጠው፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው የሰፈሬ የሳሪስ አቦ መሬት ገና አልተፈጠረም። የኛ ተራ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቆች ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሰሜኑንና መካከለኛውን ኢትዮጵያ እንደ ጎርፍ አለበሰው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንጦጦ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ ልጆች ናቸው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት። ከአቃቂ ወደ ደቡብ የተዘረጋው ጥቁር ባዛልት ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው። ከሁሉም ታናሽ የሆነው ዝቋላ እሳቱን የተፋው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ዝቋላን ያለ ነገር አላነሣሁትም። ሳሪስ አቦ ስሙን ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጻድቁ ደግሞ በጸሎት የኖሩበት ተራራ ዝቋላ ነው። በጫፉ ላይ ያለው፣ ምእመናን ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ወጥተው የሚሳለሙት ሐይቅ የተኛው በቀድሞው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። የሰፈሬ ስምና የሰፈሬ ድንጋይ ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ ተራሮች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ባዛልቱ ቀዝቅዞ ረጋ፤ ሲረጋ ኮሰመነ፤ ሲኮሰምን ተሰነጣጠቀ። በስንጥቁ ዝናብ ገባ። ዝናብና ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ጥቁሩን ድንጋይ ከላይ ወደ ታች አበሰበሱት፤ ሜዳው ላይ ውሃ የሚያስተኛ ጥቁር፣ ከባድ፣ የሚያጣብቅ አፈር ተዘረጋ። አማራው ዋልካ ይለዋል፤ ኦሮሞው ኮቲቻ። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግር ይይዛል፤ ጫማ ያስቀራል። በጋ ሲሆን ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ነጋሽ ላይ ጭቃ ድንጋይ ሆነ፤ ሳሪስ ላይ ድንጋይ ጭቃ ሆነ። የሰፈሩ የሰው ታሪክ ከሞላ ጎደል ከዚህ ጭቃ ጋር የተደረገ ትግል ነው፤ መሣሪያውም ያው ጭቃውን የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ድንጋዩን መጀመሪያ ያነሡት እጆች ግን ስለ ጭቃ አልተጨነቁም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ፣ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ቀደምት ሰዎች ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተዋል። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው የሆላንድ ተወላጁ ጄራርድ ዴከር ነው፤ ከዚያ ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መራ። እነዚያ ሰዎች ባዛልቱንም ተጠቅመዋል፤ የሚደንቀው ግን በአቅራቢያው ባለው በባልጪት አካባቢ የሚገኘው ኦብሲዲያን ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት። ሲመታ ጠርዙ ምላጭ ይሆናል። በዚያው በባልጪት ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ ድንጋይ ቆዳ ይፍቁ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ወደ ታሪክ ዘመን ስንመጣ ሰሜኑ ቀድሞ ይታያል። አክሱሞች 33 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልት ያወጡት ጎቦ ድራ ከተባለው ካባ ነው። ድንጋያቸው ሰሌዳ ድንጋይ አይደለም፤ በራሱ የሚሰነጠቅበት መስመር የለውም። ስለዚህ መስመሩን ራሳቸው ሠሩለት፤ በተርታ ቀዳዳ እየቀደዱ ሽብልቅ አስገቡ፤ ድንጋዩም በተርታው ተፈለጠ። ሥራው ተጀምሮ የቀረባቸው የሽብልቅ ቀዳዳዎች ዛሬም በጎቦ ድራ አለት ላይ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር ሲጠለሉ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ ከነጋሽ ጋር ተያይዞ ቀረ። የረገጡት መሬት ያ የጥንት የባሕር ጭቃ፣ ያ የተገለጠ ድንጋይ ነው።

የትግራይ ገበሬ ጠፍጣፋ ድንጋይን ማክበር የተማረው ከመሬቱ ነው። የሂድሞ ቤት ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውም በእንጨቱ ላይ ድንጋይና አፈር ተደርቦበት ነው የሚያልቀው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ ደግሞ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ይገኛል። ረጅምና ስስ የሆነ ድንጋይ ተመርጦ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ድንጋይ በድምፅ ይታወቃል። በዓለም ላይ ሰሌዳ ድንጋይ ለጣሪያ የሚያለብሱ ሠራተኞችም እያንዳንዷን ገበታ ከማንጠፋቸው በፊት በመዶሻ ጫፍ ይነኳታል፤ ጤነኛዋ ጥርት ያለ ድምፅ ትሰጣለች፤ ውስጧ የተሰነጠቀችው ግን ደንቆሮ ድምፅ አላት።

በኛ አካባቢ ከመካከለኛው ዘመን የቀሩት አዳዲ ማርያምና የየካው ዋሻ ሚካኤል ከእሳተ ገሞራ አመድ ከተጋገረ ለስላሳ አለት የተፈለፈሉ ናቸው። በየቤቱ የነበረው ድንጋይ ግን ወፍጮ ነው። ለወፍጮ የሚመረጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ባዛልት ነው፤ ልሙጥ ድንጋይ እህል ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም። መጁ እየተመላለሰ ሲያለሰልሰው ወፍጮው ይወቀራል፤ ሴቲቱ ወይም ወቃሪው በሹል ድንጋይ ወይም በብረት ፊቱን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ሻካራነቱን ይመልስለታል። እናቶቻችን በጉልበታቸው ተንበርክከው ጤፍ የፈጩበት ድንጋይ ቀልጦ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ጋዝ ቀዳዳውን ትቶለት ወጣ። ስለዚህ ወፍጮ ከማንኛውም ሐውልት ያላነሰ ቦታ በዚህ ታሪክ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ አገር የበላው በእሱ ነውና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የአቃቂ ሜዳ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ዋልካ ለመንገድ ጠላት ቢሆንም ለጤፍ ደግ ነው። ሽምብራ ደግሞ ዝናቡ ሲወጣ ይዘራበትና አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ከተማዋ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ነበረች፤ ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛም የሚፈለገው እዚያው ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ በአራዳ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የጥርብ ድንጋይ ግንብ ነው፤ በሥራው ላይ የጣልያን ምርኮኞችም ነበሩበት። በ1896 ዓ.ም. ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም ወጣለት። ሕዝቡ ተደንቆ ያየው ብረቱን ነበር። ብረቱ የሚደመጥበት ጠጠር ግን በሰው እጅ ተፈልጦ፣ በሰው ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው፤ የፈለጡትን ሰዎች ስም የጻፈ የለም።

እውነተኛው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ደረሰ። ለሁለት ዓመት ያህል የመዲናዋ በር አቃቂ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲድ በዋልካ ላይ አይተኛም። አፈሩ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲጨማደድ ብረቱን ያጣምመዋልና ከሥሩ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ይነጠፍለታል። ድንጋዩ ክብደቱን ይበትናል፤ ውሃውን ያሳልፋል፤ ብረቱንም ያጸናል።

ያ ባቡር የሰሌዳ ድንጋይን ዕድልም ወስኗል። በ19ኛው መቶ ዘመን ዌልስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተራራ እየፈለጡ ሰሌዳ ድንጋይ ያወጡ ነበር፤ በመርከብ እየተጫነ ስንት የአውሮፓ ከተማ ጣሪያ አለበሰ። የዚያ አገር የድንጋይ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ ተመዘገበ። የኛው ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ መኪና በማይገባበት ዘመን በተራራ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባቡሩ ከወደቡ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ቆርቆሮ ቀላል ነው፤ በቅሎ ይጭነዋል፤ በሁለት ቀን ጣሪያ ይመታል። አዲስ አበባ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ስትሸጋገር በድንጋይ ጣሪያ ዘመን ሳታልፍ ቀረች። በክረምት ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም፤ በድንጋይ ጣሪያ ሥር ያደገ ሕዝብ ይህን ድምፅ አያውቀውም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አገሪቱን በወረረበት ጊዜ የመንገድ ሥራ ከጦርነቱ እኩል ተጣደፈ። ሠራዊቱ የሚጓዝበት፣ ስንቁ የሚያልፍበት መንገድ ነበርና በየተራራው ድንጋይ ይፈነዳል። ያ ዘመን በአፋችን ላይ ቃላቱን ትቶ ሄደ። ድንጋይ የሚወጣበትን ቦታ ካባ እንላለን፤ ያልተነጠፈውን መንገድ ፒስታ፣ የግንቡን ማጣበቂያ ማልታ፣ የብረቱን ዘንግ ፌሮ። ጠላት ይዞት የመጣው ቃል በኛ ግንበኛ አፍ አማርኛ ሆነ፤ ነጻነት ሲመለስ ሙያው ከሠራተኛው ጋር ቀረ። በደብረ ዘይት መንገድ ዳር እየሰፋ የመጣው የደቡቡ ሰፈርም በዚህ ሙያ ነው የቆመው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት አቃቂና ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ሆኑ። ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በፋብሪካው ዙሪያ ሰፈረ፤ ሳሪስም በዚያው ሞላች። ቤቱ ግን ድንጋይ አልነበረም። ባህር ዛፍ ይተከላል፤ በማገር ይታሰራል፤ ጭድ የገባበት ጭቃ ተረግጦ፣ ቦክቶ፣ ይመረጋል። ዋልካ ብቻውን ለምርግ አይሆንም፤ ሲደርቅ ስንጥቅጥቅ ይላል፤ ስለዚህ ቀይ አፈር ይፈለጋል። አቅም ያለው ከታች ሁለት ሦስት ተርታ ጥቁር ድንጋይ ያስገነባና ከመሬቱ እርጥበት ይለየዋል። ልጅ ሆኜ የጎረቤት ቤት ሲመረግ ጭቃ ከሚረግጡት መካከል መግባት ትልቅ ደስታዬ ነበር። ጭዱ እግሬ ሥር እየተኛ መሰለፉን ያኔ አላስተዋልኩም።

ፊደል የለየሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ጥቁር ተቀብቶ፣ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ሲጠረግ ነጭ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ቀለም በማይገኝበት ቦታ መምህራን ሰሌዳቸውን ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ በሚወጣው ጥቁር ዱቄት ያጠቁሩት ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጥቁር ሰሌዳን ወደ ገጠር መንደር፣ ወደ ዛፍ ጥላ ሥር አደረሰው፤ አያቶች ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በእሱ ፊት ተቀምጠው ነው። ያ ሰሌዳ በሌላው ዓለም መጀመሪያ ድንጋይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ተማሪ በእንጨት የተከፈፈ ትንሽ ሰሌዳ ድንጋይ በብብቱ ይዞ ነው ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው። የላመ ጭቃ ስለነበረ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ የጻፉበትን ይይዛል፤ ሲጠርጉት ይለቃል። ድንጋዩን ሰሌዳ ያልኩት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ስሙና ሥራው መጣ፤ ድንጋዩ ግን በነጋሽ ተራራ ቀረ። በከተማችን ሰሌዳ ድንጋይ ሳያዩት የሚነኩት ከረንቡላ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ የጥሩ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ የሚወጠረው በእሱ ላይ ነው፤ እንጨት እርጥበት ያጣምመዋል፤ ይህ ድንጋይ አይጣመምም።

በ1990ዎቹ የአቃቂ ድንጋይ ሌላ ነገር ሰጠ፤ ውሃ። ከአቃቂ በታች ባለው መስክ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩና ለአዲስ አበባ ውሃ መላክ ጀመሩ። ውሃውን የያዘው ዋሻ አይደለም፤ የተሰነጣጠቀው ባዛልትና እሳተ ገሞራ የተፋው ቀይ ቀዳዳማ ጠጠር ነው። ሬድ አሽ እያልን በግቢያችን የምናፈሰው፣ ብሎኬት የምናመርትበት ያ ቀይ ድንጋይ ከመሬት በታች እንደ ሰፍነግ ሆኖ ውሃ ተሸክሟል። ወፍጮውን ሻካራ ያደረገው ቀዳዳ ቧንቧችንንም የሚሞላው ነው። ሰሌዳ ድንጋይ በተቃራኒው ውሃ አያሳልፍም፤ ለጣሪያ የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የኮብልስቶን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሰፈሮች ሲገባ ሳሪስ አቦ በክረምት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው ደስታውን ይረዳል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲገቡ ኮሮኮንቹ ያልቅና ዋልካው ይጀምር ነበር፤ ልጆች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በባዶ እግር ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸኝ ተሸካሚዎቹ ይንሸራተቱ ነበር። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ መንግሥት ጨምሮ መንገዱ መነጠፍ ጀመረ።

የፈላጮቹን ሥራ ቆሜ ያየሁት ያኔ ነው። ከካባ የመጣው ጥቁር ድንጋይ መንገድ ዳር ተከምሯል። ወጣቱ ድንጋዩን በሁለት እግሩ መካከል ያስቀምጥና ወዲያና ወዲህ ያገላብጠዋል። በመዶሻው ቀስ ብሎ ይነካዋል፤ ይሰማል። እንደገና ያዞረዋል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ በጥቂት ምት፣ ድንጋዩ በእጁ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱ ፊት ከውጩ ይልቅ የጠቆረና ያልተነካ ነው። ባዛልት እንደ ሰሌዳ ድንጋይ የሚገለጥበት ገጽ የለውም፤ ፈላጩ መስመሩን በመዶሻው መፍጠር አለበት። ጎኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይጠርበዋል። ክፍያው በቁጥር ነው፤ የተበላሸ ድንጋይ ዋጋ የለውም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች በዚህ ሥራ መሰማራታቸው በአገሪቱ ብዙ አነጋግሯል። አንዳንዱ እንደ ውርደት ቆጥሮት ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። ያዘንኩት እጃቸው ሲቆስል፣ ጓንትና መነጽር ሳይኖራቸው ብናኝ ሲውጡ ሳይ ነው፤ ሥራው ራሱ ግን የአክሱም ሰዎች ሥራ ነው።

አነጣጠፉም ጥበብ አለው። ዋልካው ተዝቆ ይወጣል፤ ገረጋንቲ ይሞላና ይደመጣል፤ በላዩ አሸዋ ይነጠፋል፤ ድንጋዩ በቅስት ተርታ ይደረደራል። በመካከሉ ያለው ክፍተት በደቃቅ ጠጠር ይሞላል እንጂ በሲሚንቶ አይታሰርም። ስለዚህ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ያው ድንጋይ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መስከረም 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ ጀመረ። በአቦ ስም የሚጠራ ጣቢያም አለው። ከመቶ ዓመት በኋላ ባቡር በአካባቢው በአዲስ መልክ አለፈ፤ ቲኬት የቆረጡት ደግሞ እነዚያው በጭቃው ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ አጎቴ የጭቃ ቤቱን አፍርሶ የብሎኬት ቤት ሊሠራ መሠረት አስቆፈረ። አንድ ሜትር ዋልካ። ሁለት ሜትር ዋልካ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን እያነሡ ጭቃውን በእንጨት ይፍቁታል፤ አፈሩ ከብረቱ አይላቀቅም። ግንበኛው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በዲጂኖ ጫፍ ወለሉን እየመታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ገና ነው» አለ።

አጎቴ ዝም ብሎ ገንዘቡን ያሰላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ተጨማሪ የገረጋንቲ መኪና ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዲጂኖው ጮኸ። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በመዳፉ ገለጥ አደረገ፤ ከሥሩ ፊቱ የሻገተ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ድንጋይ ታየ። ልጣጩን በጣቱ ሲጫነው ተፈረፈረ፤ በጣቱ መካከል ሲያሸው ያው ዋልካ ሆነ። አንድ ክንድ ዝቅ ሲባል ግን ዲጂኖው እንደ ደወል መለሰ፤ መሠረቱም እዚያ ላይ ተጣለ።

የወጣውን ዋልካ መኪና ጭኖ ወሰደው። ግማሹ ግን ሳይጫን ዝናብ ደረሰበትና በቦዩ ወደ ወንዝ ሄደ። በሐምሌ የአቃቂን ወንዝ ከድልድይ ላይ ያየ ሰው ውሃው ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ የከተማውን አፈርና ጉድፍ ሁሉ የተሸከመ። ወንዙ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲደርስ ይተኛል። ይህ ግድብ የአገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ደለል ሞልቶት ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ነበር። ጸጥ ባለው ውሃ ውስጥ ጠጠሩ ከመግቢያው ይቀራል፤ የላመው ጭቃ ርቆ ይሄድና ሽፋን በሽፋን ላይ ይሰፍራል። ከግድቡ ያመለጠው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።